ከሁሉም የተረፈ ቀሚስ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ ሌባ ነበር። ሁለቱንም የሚሠራው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል፤ ከጠረጴዛው ሥር እኖር ለነበርኩት ለእኔ ደግሞ ጭራሽ አይታይም ነበር።

እኖር ነበር ስል እያጋነንኩ አይደለም። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነው፤ የሱቁ እኩሌታ የመቁረጫው ጠረጴዛ ነው፤ የጠረጴዛው ሥር ደግሞ የእኔ ግዛት ነው። ገና ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነኝ። ከላዬ መቀሱ ጨርቁን ሲበጥሰው ይሰማኛል፣ የጠመኔው ብናኝ ፀጉሬ ላይ ይረግፋል፣ ካውያው እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚሸተው ሽታ ያስነጥሰኛል። ከፊቴ የደንበኞች እግር ይመጣል ይሄዳል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የማውቀው በፊቱ ሳይሆን በጫማው ነበር። ከአጠገቤ አንድ ትልቅ የካርቶን ሳጥን አለ፤ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሚጣልበት። ሲደክመኝ እሱ ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ። በኋላ ሳስበው፣ በማስረጃ ላይ ተኝቶ ያደገ ልጅ እንደ እኔ ያለ አይመስለኝም።

አባቴ በደህናው ጊዜ የሚታወቅበት አንድ አመል ነበረው። ልብስ ሰፍቶ ሲያስረክብ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ ሰብስቦ፣ በዚያው በልብሱ ቀለም ክር አስሮ ለባለቤቷ ይመልሳል። ጥፍር የምታህል ቁራጭም ብትሆን። ሴቶቹ «አሁን ይህን ወስጄ ምን ላድርገው?» እያሉ ሲስቁበት «የእርስዎ ነዋ» ይላል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም። በስፌቱ ውስጥ ደግሞ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል፤ ልብሱ የጠበበ ዕለት ተተርትሮ የሚለቀቅ። ሴቶቹ ልካቸውን ሲሰጡ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እሱ ታዲያ ሜትሩን ላላ እያደረገ «ይስፋ። ሰው ይወፍራል» ይላቸዋል። እንዲህ ያለውን ስድብ በክፉ የተቀበለች ደንበኛ አላስታውስም።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ የተሰፋ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ተከፈተ። ወለል ያለ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ኋላ ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። እኔ ልብስ ለመለካት ሲጣደፉ ጭንቅላታቸውን ቤት ረስተው የመጡ ሴቶች ይመስሉኝ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ወደዚያ ጎረፈ። እዚያ ልክ የሚወስድ የለም፤ ልብሱ ካልሆነሽ ሰውነትሽን ማስተካከል የአንቺ ፈንታ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው እግር እየሳሳ ሄደ። አባቴ የተሳለ መቀስ ደግሞ ደጋግሞ ይስላል።

አክስቴ መመላለስ የጀመረችው ያኔ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ የምትሸጥበት መደብ አላት። ቀይ ተረከዝ ያለው ጫማ ታደርጋለች፣ ስትገባ ከበሩ ጀምራ ትመርቃለች፣ ስትወጣ ባዶ እጇን አትወጣም። ቅቤ አንጓች ይሏታል የሚያውቋት። እኔ ግን በዓለም ላይ እንደ እሷ ደግ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

«አንተ ወንድሜ» አለችው አንድ ቀን፤ ቀዩ ጫማ አፍንጫዬ ሥር ነበር። «እጅህ ወርቅ ነው። ጭንቅላትህ ግን እንደዚያ ማዶ እንዳሉት ሴቶች ነው። እስቲ ይህቺን ቁራጭ ተመልከታት። ሴትየዋ ወስዳ ምን ታደርጋታለች? የጋለ ድስት ታወርድባታለች። እኔ ጋ ብትመጣ ግን የአንድ ሕፃን ሸሚዝ ይወጣታል።»

«የሰው ናት እኮ፣ እታለም።»

«የተረፈ ነገር የማን ነው? የተረፈማ የማንም ነው።»

«እስከ ዛሬ ስመልስ…»

«እስከ ዛሬ ስትመልስ ማን አመሰገነህ? እነዚያ መስታወት ቤት ገብተው ሲገዙ ‹ኧረ ያ ቁርጥራጭ አስሮ የሚሰጠን ሰውዬ› ብለው ተመለሱልህ? ልጅህ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። በምን ልታስተምራት ነው? በክር?»

የአባቴ መቀስ ባዶውን ሲከፈት ሲዘጋ ሰማሁት። እኔ ስለ ትምህርት ቤት በተነሳው ነገር ተጨንቄያለሁ፤ በክር ሊያስተምሩኝ እንደሆነ ገብቶኛል፣ መጥለፍ ደግሞ አልችልም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አክስቴ በየገበያው ቀን አንድ ትልቅ ዘንቢል ይዛ ትመጣና የሳጥኔን ቁርጥራጭ ጠቅጥቃ፣ ከላዩ ሽንኩርት አልብሳ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ድካም ለእኛ ሲባል ነው ብዬ አስብ ነበር። ለሰፈር ልጆችም በኩራት ተናግሬያለሁ፤ የእነሱን ቆሻሻ ከበር የሚያነሳላቸው የማያውቁት ሰው ነው፣ የእኛን ግን የሥጋ ዘመዳችን ታነሳልናለች፣ ያውም እንዳይሸት ሽንኩርት አድርጋበት።

ጥበቡ ምን እንደነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እጅግም የሚያስቸግር ጥበብ አይደለም። እጅጌውንና ጀርባውን ጨርቁ ላይ ጠጋ ጠጋ አድርገህ ትቆርጣለህ፤ ጎን ላይ የምትተወውን ትርፍ ከመርፌ ጫፍ ትንሽ እስኪሰፋ ድረስ ታሳንሰዋለህ፤ «ለማንኛውም ጨርቁን ትንሽ ጨምረው ይዘው ይምጡ» ትላለህ። ከውጭ ለሚያየው ልብሱ ያው ልብስ ነው፣ እንዲያውም ከማዶው ይበልጣል። የተሰረቀው የዛሬው ልብስ አይደለም። የተሰረቀው ሴትየዋ የምትወፍርበት ነው። አባቴ ግን ይህን ስርቆት ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ተረፈ» ነበር የሚለው፤ ቤታችን ውስጥ ለጥቂት ወራት ከጸሎት ይልቅ የሚዘወተር ቃል ሆኖ ነበር።

አዋላጇ የአበባ ጥለት ያለበት አረንጓዴ ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ቀን ትዝ ይለኛል። ሰፈሩን ከሞላ ጎደል በእጇ የተቀበለች፣ እኔንም ጭምር፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። ሰፊ ጥቁር ጫማዋ ለመሄድ ተነስቶ መልሶ ቆመ።

«ቁርጥራጬስ?»

«አይ፣ እትዬ፣ ጨርቅዎ ወርዱ ጠባብ ነበር። ምንም አልተረፈም።»

«ጠባብ? እንግዲህ ባለሱቁ አታሎኛላ!» ብላ ባለሱቁን እየረገመች ወጣች። እኔ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሜ በአንድ አረንጓዴ አበባማ ቁራጭ እግሬን ሸፍኜ ስለነበር፣ ያ ባለሱቅ እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው እያልኩ ከልቤ አዘንኩላት።

እናቴ የእጅ ሥራውን ትሠራለች፤ ቁልፍ መትከል፣ እጥፋት፣ ገበር። አባቴ የልብሱን ውጭ ያውቃል፣ እናቴ ውስጡን ታውቃለች። ስለዚህ ከሷ የሚደበቅ ነገር አልነበረም፤ ለመደበቅም የሞከረ የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ነፍሰ ጡር ቀሚስ ጭኗ ላይ ገልብጣ እንዲህ ስትል ሰማሁ።

«ውስጡ ምንም የለውም።»

«ዝም ብለሽ እጠፊው።»

«ሴትየዋ በየቀኑ እየሰፋች ነው። ከምኑ ሊለቀቅላት ነው?»

«ሌላ ታሰፋለች። እኛስ ደንበኛ አያስፈልገንም?»

እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ረጅም ጊዜ አየችው። «አንተ እኮ» አለች፣ «የምታፍር ሰው ነበርክ።»

አባቴ ፔዳሉን ረገጠና መኪናውን አስጮኸው። የስፌት መኪና ጥቅሙ ብዙ ነው። እኔ በበኩሌ እናቴ አባቴን ዓይናፋርነቱ ስለተወው እያመሰገነችው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ያየሁት ሁሉ አሁንም ዓይኔ ላይ ነው፣ ያኔ የገባኝ ግን አንድም የለም። አክስቴ ሳጥኑን ጠቅጥቃ ከሄደች በኋላ፣ ከታችኛው ክዳን ሥር ተጣብቃ የቀረች አንዲት ቁራጭ አገኘሁ። ውሃ ሰማያዊ ናት፣ ነጭ ነጠብጣብ ያላት። ቆንጆ ስለሆነች ሮጬ ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቁራጯን ተቀበለችና መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከሳጥኑ ሥር። ከሁሉም ሥር።»

«ከሁሉም ሥር» አለች። ከዚያ ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል፤ የሽንኩርቱ ጉዳይ ነው። «ሚጣዬ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ልጇን ልትድር ነው። አንቺም አዲስ ቀሚስ ያስፈልግሻል።»

እናቴ እንዲህ ያለ ቀሚስ ሰፍታ አታውቅም። አባቴ ክርና ቁልፍ ሊገዛ ሲወጣ ሳጥኑን ትገለብጠዋለች፣ ቁራጮቹን አልጋዋ ላይ ትደረድራለች፣ አንዱን ታነሳለች ሌላውን ትጥላለች። እኔ የቀለም ምርጫ መስሎኝ «ቀዩን! ቀዩን!» እላለሁ። «ቀዩ የሁለቱም ይሆናል፣ ያምታታል» ትለኛለች። እንዲህ ያለ የቀለም ምርጫ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን የምታውቀው እሷ ናት ብዬ ተውኩት። የቀኝ እጅጌው የአዋላጇ አረንጓዴ አበባ ሆነ። የግራው የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሯ ግራጫ ሱፍ። ደረቱ ወይን ጠጅ ከፈይ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ለልጇ ሠርግ ያሰፋችው። ጉርዱ ዙሪያውን የሌሎቹ። ልቤ ላይ ደግሞ አንዲት ኪስ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ።

የሠርጉ ቀን ጠዋት አባቴ በር ላይ ቆሞ ክራቫቱን ያስራል። እናቴ በትከሻዬ ይዛ ፊቱ አቆመችኝ። እኔ እጄን ዘርግቼ ዞርኩለት።

አባቴ ክራቫቱን እንደያዘ ቀረ። ዓይኑ ከአንዱ እጅጌ ወደ ሌላው ሄደ፣ ከፈዩ ላይ ቆመ፣ ኪሷ ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለ። ተንበርክኮ በአንድ ጣቱ ነካት። እናቴ ልቅም ብላ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማለች። «አውልቂው» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሌላ ቀሚስ አለኝ። አባቴ ግን ጎንበስ አለና ከጉርዱ ጠርዝ የተንጠለጠለች ክር በጥርሱ በጥሶ «እንሂድ» አለ። ሥራው አስደነቀው፣ ቀንቷል አልኩ በልቤ፤ እናቴ ከሱ የተሻለ ሰፍታለች።

አዳራሹ በሰው ተጠቅጥቋል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ልጆች በወለሉ ላይ ይንሸራተታሉ። እኔ አልተንሸራተትኩም፤ የለበስኩት ነገር የሚንሸራተቱበት አይደለም። እንደ ልማዴ ጫማ እያየሁ ስሄድ ሰፊ ጥቁር ጫማ አየሁ፣ ከጫማው ተነስቼ ወደ ላይ ስመለከት አረንጓዴ አበባ። ሄጄ እጅጌዬን ቀሚሷ ላይ ለጠፍኩት።

«እትዬ! እኔና እርስዎ አንድ ነን!»

አዋላጇ እጅጌዬን በሁለት ጣቷ ያዘች። ቀጥላ የራሷን ጎን ዳበሰች፤ ስፌቱ ከጥጋብ ብዛት ጥርሱን አግጦ፣ ሦስት መርፌ ቁልፍ ተሰክቶበት ነበር።

«የኔ ቆንጆ፣ ይህን ማን ሰፋልሽ?»

«እማዬ!»

«ጨርቁንስ ማን ሰጠሽ?»

«አባዬ ነው የሚያጠራቅመው። ሳጥን ሙሉ አለን። ሲሞላ አክስቴ በሽንኩርት ሸፍና ትወስድልናለች።»

የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ቀኑ ግን የእኔ ነበር። አዋላጇ ርዕሰ መምህሯን በአገጯ ጠራቻት። ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አድርጋ የግራ እጄን ከራሷ ኮት ጋር አስተያየች። የሙሽራዋ እናት መጣች። ሌሎችም መጡ። ያዙሩኛል፣ ይዳብሱኛል፣ ጉርዴን ገልጠው ያያሉ፣ «ይቺ የኔ ናት!»፣ «ኧረ የኔም አለችበት!» ይላሉ። እኔም እያንዳንዷን ከቁራጯ ጋር እያገናኘሁ አግዛቸዋለሁ። ሙሽራዋን የሚያያት ጠፋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያማርኩበት ቀን የለም፤ ያልተዘመረልኝ መዝሙር ብቻ ነው።

አክስቴ ሰው ገፍታ ደረሰችና ነጠላ ሻርፗን በላዬ ጣለችብኝ። «ልጅቷን ብርድ መትቷታል! ቤት ልውሰዳት!»

«ሸፍኛት፣ ሸፍኛት» አለች አዋላጇ፤ «ሽንኩርቱን ነው የረሳሽው።»

አክስቴ ግን በዋዛ የምትወድቅ ሴት አይደለችም። «ወይ ጉድ! ለዚህ ነው ሰርግ የሚረበሸው? ቁርጥራጭ እኮ ገበያ ውስጥ ሞልቷል! ከየፋብሪካው የወደቀ ነው፣ እኔው ነኝ የገዛሁላት። አንድ ዓይነት ጨርቅ ለአንድ ሰው ብቻ ይሠራል እንዴ? አንተ ወንድሜ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ጥሩ ውሸት ነበር፤ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ማንም ሰርግ ላይ ጠብ አይፈልግም። የሙሽራዋ እናት እንዲያውም «እንደሱ ከሆነማ…» ማለት ጀምራ ነበር። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። እራሱን አንዴ ቢነቀንቅ ሱቁም ስሙም ይተርፉለታል፣ የሚቀጥለውም ገበያ ቀን ዘንቢሉ ይመጣል። አባቴ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። እናቴን አያት። እናቴ እሱን አላየችም፤ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ የኪሴን ጥግ ታስተካክላለች።

«ከገበያ አይደለም» አለ አባቴ። «ከእናንተው ነው። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

«ማስቀረት ማለት ምን ማለት ነው?» አለች አዋላጇ።

አባቴ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት አጣ። «መስረቅ ማለት ነው፣ እትዬ። ሰርቄአችሁ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው በድንጋጤ ሳቀ። እኔም ቀልድ መስሎኝ እጄን አጨበጨብኩ፤ አባቴ በሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ እንዲህ የሚያስቅ ሰው መሆኑ አኮራኝ። ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አወለቀች። «ስላመኑ ግማሽ ነጥብ ያገኛሉ» አለችው። «ግን ወድቀዋል።»

ከዚያ በኋላ ወደ ሱቃችን የሚመጣ እግር ጠፋ። ከጠረጴዛው ሥር ቀኑን ሙሉ የማየው የአባቴን ጫማ ብቻ ሆነ፤ እሱም አይንቀሳቀስም። አንድ ጠዋት ምላጭ ይዞ ቀሚሴን ሲተረትር ደረስኩበት። እንዴት እንዳለቀስኩ ጎረቤት ያውቃል። በቅናት አላስችል ብሎት ነው ብዬ ነበር የደመደምኩት። እናቴ ይዛኝ «ተይው፣ ልጄ» ትለኛለች፤ «አሁን ነው መስፋት የጀመረው።» መተርተርን መስፋት የሚል ሰው እሷን ብቻ አይቻለሁ።

እያንዳንዱን ቁራጭ በየቀለሙ ክር አሰረው። ከዚያ መርፌና ምላጩን በከረጢት ይዞ በየቤቱ መዞር ጀመረ፤ እኔንም እናቴ አብሬው እንድሄድ ላከችኝ። ለክብር መስሎኝ ነበር። ለካ ከሰው በር ደርሶ እንዳይመለስ ጠባቂ ነበርኩ፤ ልጅ እጁን ይዛው ሳለ ማን ይሸሻል?

አዋላጇ ወንበር አወጣችለት፣ ያውም ከደጅ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያይበት። ቀሚሷን ተርትሮ ቁራጯን ከብብቷ ሥር እስከ ወገቧ አስገባላት። ለብሳ ወጣችና ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «አቤት! ስንት ጊዜዬ ነው ከተነፈስኩ!» አለች። ቀጥላ «አሁን ደግሞ የእህቴን አመጣልሃለሁ፤ የሷን ሌላ ሰው ነው የሰረቀባት» ብላ ሁለተኛ ቀሚስ ጫነችበት። ሰፋላት።

የዳቦ ቤቷ ባለቤት ግን ከፈይዋን አልቀበልም አለች። እንዴት ትቀበል? ታሪኩን ዳቦ ለሚገዛ ሁሉ ጎኗን ገልጣ እያሳየች ታወራለች፤ ቀሚሷ ከተስተካከለ ወሬው ያልቃል። አባቴ ደጋግሞ ሄደ። በመጨረሻ ወሬውን ያልሰማ ሰው ሲያልቅባት ተቀበለችው። አክስቴ ጋ ሄዶ የሕፃን ሸሚዝ የሆነው ግን አልተመለሰም። ለባለቤቶቹ የእጁን ዋጋ ሳይቀበል ሰፋላቸው፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ያን ሰሞን ወጣችን ውሃ ውሃ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ። አክስቴ «ወንድሜን ያበላሸችው ሚስቱ ናት» ብላ ከእኛ ተቆራረጠች። ቆሻሻችንን የሚያነሳልን ዘመድ አጣን።

ደንበኞቹ የተመለሱት በአንዴ አይደለም። የማዶዎቹ ጭንቅላት አልባ ሴቶች የጠበበ ልብስ እንደማይለቁ ሰፈሩ ቀስ እያለ ገባው። ቀድማ አዲስ ጨርቅ ይዛ የመጣችው አዋላጇ ናት፤ አባቴ ሲቆርጥ ከአጠገቡ እጇን አጣምራ ቆማ አየችው። ሌሎቹም እንደሷ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ አባቴ እስኪሞት ድረስ ጨርቅ የሚቆርጠው በምስክር ፊት ነበር። ቅር ያለው አይመስልም።

ያቺ ሰማያዊ ኪስ ግን ባለቤት አጣች። «አባዬ፣ ይቺስ የማን ናት?» ብዬ ስጠይቀው፣ ክሩን ብቻ አስሮላት ከስፌት መኪናው መሳቢያ ከተታት። «ባለቤቷ አልጠየቀችም» አለኝ።

ይህን ታሪክ አድጌ ብዙ ቦታ አውርቼዋለሁ። ቢሮ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ለልጆቼ። አርዕስቱም «የእናቴ ስህተት» ነበር፤ አንዲት የዋህ ሴት የባሏን ገመና ልጇን አልብሳ ለሰፈር እንዴት እንዳሳየች። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እናቴም ካለች አብራ ትስቃለች። አንድም ቀን አላረመችኝም።

አባቴ ከሞተ በኋላ ሱቁን ስናጸዳ መሳቢያውን ከፈትኩት። ኪሷ እዚያው ናት፣ በሰማያዊ ክር ታስራ። ክሩ ግን አዲስ ነው። የቀድሞው ሲያረጅ እየፈታ በሌላ ሲያስራት ኖሯል። ለእናቴ አሳየኋት።

«እማዬ፣ ይቺን ታስታውሻታለሽ? የዚያ የስህተትሽ ቀሚስ…»

«ስህተት?» አለች እናቴ። አርጅታለች፣ ከስታለች፣ ድምጿ ግን ያው ነው። «ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ቁርጥራጭ ከእያንዳንዷ ሴት አንድ አንድ ለቅሜ ያወጣሁት በስህተት ነው? በቃል ነገርኩት፣ አልሰማኝም። በመኪናው ድምፅ የማይሸፈን ነገር ፈለግሁ።»

«አባዬስ በር ላይ…»

«አይቷል እንጂ። ‹አውልቂው› ቢል ኖሮ አወልቅልሽ ነበር። ከዚያም ሁለታችንም እንሄድ ነበር፣ ወደ ወላጆቼ ቤት። ቦርሳዬን አስተካክዬ ነበር እኮ።» የመሳቢያውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰች። «አላለም።»

ያን ቦርሳ አስታውሳለሁ፤ ለሰርግ ትልቅ ነበር። ኪሷን አገላብጬ «ይቺስ የማን ነበረች?» አልኳት።

እናቴ ተነስታ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ጎተተች። ከታች፣ ከሁሉም ሥር፣ ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች፤ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። «እናቴ ከመሞቷ በፊት የሰጠችኝ ጨርቅ ነው። አክስትሽ ያን ቀን ካናገረችው በኋላ መጀመሪያ የቆረጠው ይህን ነው። እኔን ነው የተለማመደብኝ። ጠበበኝና ልቀቅልኝ ስለው ‹ምንም አልተረፈም› አለኝ። እኔም አመንኩት።»

«ለሁሉም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሲመልስ ለአንቺ…»

«የነሱ ቤት ቅርብ ነው» አለች። «ከዚያ ጠረጴዛ እስከ ወጥ ቤቱ ግን፣ አየሽ፣ ሩቅ ነበር።»

«መሳቢያው ውስጥ መኖሯን ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«መሳቢያውን የማጸዳው ማን ሆነና? ክሩን በለወጠ ቁጥር አየዋለሁ። ዛሬ ይሰጠኛል እላለሁ። እሱም አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ‹ወጡ ጨው አነሰው› ይለኛል።»

«ታዲያ ለምን አልወሰድሻትም?»

«እንዲሰጠኝ ነበራ የምጠብቀው።» አለቀሰች፤ ዛሬ የሚከተፍ ሽንኩርት አልነበረም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቀሚሱን በለበሰችው ላይ አጠለቀችው። ያ የጠበባት ቀሚስ ዛሬ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ዙሪያዋን ይዋኛል፤ ሁለት እሷን ይይዛል። ከመሳቢያው መርፌና ክር አውጥታ አቀበለችኝ። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ልብሴን በሙሉ ከመስታወት ቤት የምገዛው፣ መርፌ እንኳ በቅጡ አልይዝም።

«አስገቢልኝ» አለች ክንዷን አንስታ ጎኗን እያሳየችኝ።

«እማዬ፣ አሁን እኮ ሰፍቶሻል። ምን ያደርግልሻል?»

«ግድ የለም» አለች። «ይስፋ። ሰው ይወፍራል።»